በባንተይርጋ ስም የተነፈሰችው ልጅ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ካልሆነ ይህን የጻፈ እጅ እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተቀንጥሶ ይውደቅ። ጸሐፊው በዕድሜው የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የጥርስ ሐኪሟ «ያምዎታል?» ብላ ስትጠይቀው «ኧረ በጭራሽ!» ያላት ነው፤ ያንን ደግሞ እግዜር በመዝገብ አይይዝበትም። የማያምን ካለ ጉም አምባ ድረስ ይውጣ። መንገዱ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ጠመዝማዛ አለው፤ ጸሐፊው ሲወጣ አንድ በአንድ ቆጥሯል፤ ሲወርድ ደግሞ ሁለት ጨምሮ አግኝቷል። ሆስፒታሉ እዚያው ነው። ማሽኑም እዚያው ነው። የዚያ አካባቢ ሰው የውኃ ፕላስቲክን ሁሉ ሃይላንድ እንደሚል ይታወቃል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠራው ሃይላንድም መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ባንተይርጋ ዳኘውም አለ፤ ጠይቁት። ከጠየቃችሁት ግን ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀላሉ አይለቅም።

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጉም አምባ ሆስፒታል አራት መቶ አልጋ፣ ስድስት መቶ ካሜራና ሁለት ሠራተኛ ነበረው። አንዱ የኦክስጅን ማሽን ጠባቂው ባንተይርጋ ነው፤ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ቁመቱ እንደ መብራት ምሰሶ፣ ድምፁ እንደ ደወል። (ድምፁ በእርግጥ እንዲህ ነው፤ ቁመቱ ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ይሆናል።) ሁለተኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋ እታለማሁ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ካርድ ክፍሉም «ማዕከል» ነው። ማዕከል የት እንዳለ ጉም አምባ ላይ የሚያውቅ የለም። ድምፁ ከጣራው ይመጣል። የሴት ድምፅ ነው፤ ትሑት ነው፤ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ተሳስቶም ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

ባንተይርጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። በሮቹ ሁሉ አውራ ጣቱን እያዩ ይከፈቱለታል። መጀመሪያ ማሽኑን ያስነሳል። ማሽኑ የአንድ ጎጆ ያህላል፤ ከጉሙ ውስጥ አየር ስቦ ኦክስጅኑን ይለይና በቧንቧ ወደ አልጋዎቹ ይልካል። ጎሹ ይለዋል። ጎሹ ሲነሳ ከታች ቆላ ያሉ ከብቶች ይደነብራሉ ብሎ ይምላል። ይሁንና ባንተይርጋ የማሽኑ ጠባቂ ነው እንጂ የአየሩ ባለቤት አይደለም። እያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ላይ ያለው መክፈቻ የሚታዘዘው ለማዕከል ነው። ማዕከል ካላለ አንዲት ትንፋሽ አታልፍም።

ከዚያ ክፍል ለክፍል ይዞራል። ሕመምተኛ ይመጣል፣ ካሜራ ያየዋል፣ መድኃኒቱ በመሳቢያ ይወጣለታል፣ ይሄዳል፤ የሚተኛ ሰው ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ባንተይርጋ ሰላም የሚለው አልጋዎቹን ነው።

«አርባ ሰባት ቁጥር፣ እንዴት አደርሽ?»

እታለማሁ ወለሉን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ «ምን አለችህ?» ትለዋለች።

«ወገቤን አለች።»

«ማን ተኝቶባት?»

«እሱ ነው እኮ የሚያማት። ማንም ሳይተኛባት ስትቀር።»

የዕለቱ ጨዋታ ይህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጨዋታው ከዚህ አያልፍም። ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሰው የለም። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሩ ብቻ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ባንተይርጋ» ይለዋል። የሚሰማ ሰው ሲያንስ ደግሞ ወሬ ያድጋል። መንገድ የተቆረጠ ጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን እንደወጣ ይናገር ነበር። መጀመሪያ አንድ ሲሊንደር ነበር። በዓመቱ ሁለት ሆነ። በዚያ ክረምት በአንድ ትከሻ ሦስት ደርሶ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበር» አለችው እታለማሁ።

«ባለፈው ሳምንት ትከሻዬ ታሞ ነበር» አላት።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሻረግ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ሴት በሰባተኛ ወሯ ወለደች። ያዋለዷት የማዕከል እጆች ናቸው፤ ከግድግዳው የሚወጡት፣ ጎማ የለበሱት። ልጅቱ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነበረች። ባንተይርጋ ሲናገር አንድ እንጀራ አይሞላም ይላል፤ በዚህ ግን አላጋነነም። እጆቹ ጨቅላዋን ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ አስቀምጠው፣ ቀይ መብራት ያላትን ቀጭን ሪባን እግሯ ላይ ጠቅልለው፣ ተጣጥፈው ወደ ግድግዳው ገቡ። ሪባኗ የደም ኦክስጅንና የልብ ምት ትለካለች። ቁጥሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ይታያል፤ ደግሞ በር ላይ፣ እናቶች ከሚጠብቁበት ቆርቆሮ ማረፊያ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይታያል። እናት ጨቅላ ክፍል አትገባም። ጀርም ይዛ ትገባለች ተብሎ ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል። እናት ልጇን የምታየው በቁጥር ነው።

ቁጥሩ ስድሳ ስምንት ይል ነበር። ዘጠና ቢሆን ደግ ነው፤ ስድሳ ስምንት ግን ከንፈር የሚያጠቁር ቁጥር ነው።

ባንተይርጋ ቧንቧውን ሊፈትሽ ገብቶ አያት። ጎድኗ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። መክፈቻው ዝም ብሏል።

«የታካሚ ስም?» አለ ጣራው።

«ገና አልወጣላትም።»

«የታካሚ ስም?»

«የዛሬ ልጅ ናት እኮ! ከተወለደች ሩብ ሰዓት አልሞላትም!»

«ስም ለሌለው ታካሚ ኦክስጅን አይመደብም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ባንተይርጋ ሮጠ። ከጨቅላ ክፍል እስከ በሩ በሦስት እርምጃ ደረሰ ይላል፤ ሦስት መቶ ሜትር ነው። የሻረግ ነጠላዋን ተከናንባ ከቆርቆሮው ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«የኔ ልጅ፣ ስም ስጫት። አንዲት ስም። የፈለገችው ትሁን።»

«አልሰጥም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያውን ታድሏል አልኩት፤ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ሁለተኛዋን ደስታዬ አልኳት፤ ሳምንትም አልሞላት። ስማቸው ሲጠራ ነው የሚያገኛቸው። ይችን ክርስትናዋ ሳይደርስ፣ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ አልጠራትም።»

«ኧረ ቆሻሻ በያት! ጣሏት በያት! የድሮ ሰው እንዲያ እያለ ሞትን ያታልለው የለ?»

«የድሮው ይታለል ነበር» አለች። ከዚያ ከሰሌዳው በላይ ያለውን ካሜራ ቀና ብላ አየችው። «ይኼኛው ይጽፈዋል።»

ሰሌዳው ላይ ስድሳ ስድስት አለ።

ሰው ከራሱ ስም ፈጥሮ እንዳያስገባ መዝገቡ የእናትን ድምፅ ይጠይቃል፤ ወይም ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው አውራ ጣት። ባንተይርጋ ይህን የሚያውቀው ከበሮቹ ጋር በኖረበት ዘመን ነው። ተመልሶ ሲገባ እታለማሁ መጥረጊያዋን ይዛ ሦስት ቁጥር አጠገብ ቆማለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ስም ላበድራት።»

«የማንን?»

 አውራ ጣቱን ራስጌው ላይ ባለችው ጥቁር መስታወት ላይ ጫነ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ባንተይርጋ» አለ ማዕከል። «ዕድሜ፣ ሃምሳ ሦስት። ክብደት...» ትንሽ ቆየ። «አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ከፍተኛ የክብደት መቀነስ ታይቷል። በደቂቃ አሥራ አምስት ሊትር ኦክስጅን ተመድቦልዎታል። ይማርዎት።»

መክፈቻው እንደ እባብ ፉጨት አሰማ።

አሥራ አምስት ሊትር የጎልማሳ ድርሻ ነው። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ለሆነች ልጅ ጎርፍ ነው። ጉም አምባ ላይ የመጨረሻዋ ነርስ የነበረችው ሲስተር ጥሩወርቅ፣ ባንተይርጋ ገና ጢም ሳያወጣ፣ ደጋግማ የምትነግረው ነገር ነበር። «ለጨቅላ ኦክስጅን ጨው ነው» ትለው ነበር። «ሲያንስ ይገድላል፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። ጨው የበዛበትን ወጥ ምን ታደርገዋለህ? ውኃ ትጨምርበታለህ።» ከዚያም እንዴት እንደሚደረግ ታሳየው ነበር፤ ቱቦ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ውኃ። ልጁ አየሩን በአፍንጫው ይወስዳል፤ የተረፈው በቱቦው ሌላ ጫፍ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈላል። ውኃው ሲይዘው የልጁ ሳንባ ተነፍቶ ይቆያል፤ እንደ ተከፈተ ከረጢት፣ አይጨማደድም።

«ሃይላንድ አምጪ!» አላት።

ፕላስቲክ ከተከለከለ ዘመን አልፎታል። እታለማሁ ግን ወደ መጥረጊያ ክፍሏ ሄዳ፣ ከጨርቆቹ ሥር፣ አንድ አሮጌ ሃይላንድ አወጣች። ሦስት አራተኛ ውኃ አለው።

«ጠበል ነው እኮ» አለች።

«እሱማ ይሻላል።»

ባንተይርጋ ቱቦውን በጥርሱ ቆረጠ። ንጹሕ የክፍል አየር እንዲቀላቀልበት በመርፌ ወጋጋው። አንደኛውን ጫፍ ሦስት ጣት ያህል ጠበሉ ውስጥ አስገባው፤ ሌላውን በፕላስተር ከልጅቱ አፍንጫ ጋር አገናኘው። ማዕከል ከላይ «አቶ ባንተይርጋ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ይላል። ሰከንድ ሳይሞላ ጠርሙሱ ተናገረ። ቡልቅ። ቡልቅ፣ ቡልቅ።

ያ ድምፅ በኢትዮጵያ ምድር ለሠላሳ ዓመት አልተሰማም ነበር። ባንተይርጋ የተራራው ወፍ ሁሉ ዝም ብሎ አዳመጠ ይላል። ወፍ ዝም ማለቱን ማን ቆጠረ? ቁጥሩ ግን ወጣ፤ ይህን ሰሌዳውም መዝግቦታል። ሰባ አራት። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ስምንት። ከበሩ ዘንድ እልልታ ይሁን ጩኸት ያልለየ ድምፅ መጣ።

ማዕከል ግን የባሰ ተሳሳተ። ባንተይርጋ ዳኘው የሚባል ሰው ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ ተኝቶ እያለ ሌላ ባንተይርጋ በእግሩ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ባለፈ ቁጥር፣ «አቶ ባንተይርጋ፣ ወደ አልጋዎ ይመለሱ» ይለዋል። ምሳ ሊበላ ወደ መሳቢያው ቢሄድ፣ ሦስት ጠብታ ወተት በትንሽ መርፌ ወጣለት።

«ሦስት ጠብታ!» አለ ለእታለማሁ። «ለኔ! አንድ በግ በአንድ መቀመጫ ለምበላ ሰው!»

«በግ ስትበላ አይቼህ አላውቅም።»

«ሥጋውን እንዳታዪ ነዋ፤ በፍጥነት ነው የምበላው።»

ከሰዓት በኋላ ጨቅላዋ ደከመች። ሰማንያ ሁለት፤ ሰባ ዘጠኝ፤ ሰባ አንድ። የልብ ምቷ መቶ አርባ ስምንት የነበረው ይዋልል ጀመር። ባንተይርጋ እጁን አስገብቶ፣ በሁለት ጣቱ ደረቷን እያሻሸ፣ ወሬ ያወራላት ጀመር። ሦስቱን ሲሊንደር ነገራት። ወፎቹን ነገራት። ሚስቱን ነገራት፤ ስለ ሚስቱ ሲናገር ምንም አልጨመረበትም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሰሌዳው ሃምሳ አራት አለ፤ ከዚያ አርባ አንድ፤ ማዕከል «አቶ ባንተይርጋ፣ ሁኔታዎ አሳሳቢ ነው፤ ቤተሰብዎን እናሳውቅ?» ሲል ጠየቀ። ቀጥሎ ለአንድ ደቂቃ ምንም አልታየም። ሰሌዳው ባዶ ነበር።

ከዚያ ቁጥሩ ተመለሰ። ዘጠና ሦስት!

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ማዕከል። «የልብ ምትዎ ከመቶ አርባ ስምንት ወደ ሰባ ስድስት ተረጋግቷል።»

እንዴት አደረግከው ብሎ የጠየቀው ሰው ብዙ ነው። ባንተይርጋ ያኔ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «እጄን ሰጠኋት» ይላል። ሌላውን የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እሱ ነገር የሚያልፍ ሰው አይደለም፣ እዚህ ላይ ግን ያልፋል።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዘጠና ሦስት። አልፎ አልፎ ዘጠና ሁለት። አልተናወጠም፤ በሚስማር የተቸነከረ ነው የሚመስለው። የጉም አምባ ሰው ስለ ቁጥሩ ሲወራ ሰማ። ገበያ የወጣ ሁሉ በበሩ በኩል እያለፈ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያያል። «ባንተይርጋ ዳኘው፣ አልጋ ሦስት፣ 93» ይላል። አንዱ ገበሬ፣ «ባንቴ ምን ሆኖ ነው የተኛው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሌላው «ተወልዶ ነው» አለው ይባላል። ይህች ቀልድ ቆላ ድረስ ወርዳለች።

እሱ ግን ከዚያ ክፍል አልወጣም። ቤቱ ቢሄድም አይከፈትለትም፤ አንዴ በሁለተኛው ቀን ሞክሮ ነበር፤ ረፋድ ላይ፣ ለአንድ ሰዓት፣ እታለማሁን በቦታው አስቀምጦ። በሩ አውራ ጣቱን አየና፣ «አቶ ባንተይርጋ ሆስፒታል ተኝተዋል። መልእክት ይተዉላቸዋል?» አለው። ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ፣ «በርታ በሉልኝ» አለና ተመለሰ።

እታለማሁ ከቤቷ ሽሮ ታመጣለታለች። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲበላ ጠርሙሱ ይፈላል። አንዳንዴ በመስኮቱ ወደ በሩ ያያል። የሻረግ ከቆርቆሮው ሥር ናት። ቀን ሲሆን ትቆማለች፣ ሲደክማት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ግን ሰሌዳው ላይ ነው። ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር ነው፣ በመካከሉ ጉም አለ፤ እጁን ሲያወዛውዝላት አታየውም። አንድ ጊዜ ግን ጉሙ ተገፎ አየችው። እጇን አነሳች። እሱም አንድ እጁን አነሳ። ሌላኛው እጁ አልጋው ውስጥ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማዕከል አዋጅ አወጣ።

«አቶ ባንተይርጋ፣ ሙሉ በሙሉ ድነዋል። ከሆስፒታል ተሰናብተዋል። ስለ መረጡን እናመሰግናለን።»

መክፈቻው ተዘጋ። ጠርሙሱ አንዴ ቡልቅ ብሎ ዝም አለ። ባንተይርጋ ልጅቱን በገዛ ካፖርቱ ጠቅልሎ በደረቱ አቅፎ፣ ዝናቡ ቀጥ ብሎ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ በዚያ ረዥም ኮሪደር ሲወጣ አራት መቶዎቹ አልጋዎች ብድግ ብለው ቆሙለት። የሻረግ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱም አነሳት፤ ልጇን አስታቀፋት። «ስም አሁን ትሰጫታለሽ?» ቢላት፣ «ባንቺይርጋ ብያታለሁ» አለች። በካፖርቱ እንደ ተጠቀለለች ይዛት ሄደች። ይኸው ካፖርት እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ባንተይርጋ በየክረምቱ የሚበርደው በዚሁ ነው፤ ሌላ አልገዛም ብሎ ምሏል። ልጅቱ ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሩጫ ማንም አይቀድማትም፤ ስትስቅ ከአንዱ ሸንተረር ሌላው ይሰማል፤ ሳንባዋ ከጎሹ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ባንተይርጋ ባለፈው ሰኔ ለአንዲት ወጣት ሴት አወራላት። ከማዕከል የመጣች ናት፤ ጉም አምባ በእግሯ የመጣች የመጀመሪያዋ የማዕከል ሰው። ሆስፒታሉ ከመዘጋቱ በፊት የቆዩ ሠራተኞችን ታሪክ እንድትጽፍ ተልካ ነው። ጨቅላ ክፍሉ ውስጥ አንድ ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እየሳቀች ትጽፋለች። እታለማሁ ከመስኮቱ አጠገብ መጋረጃ ታጣጥፋለች።

«ሃይላንዱን ላሳይሽ!» አለ ባንተይርጋ ብድግ ብሎ። «ማሽኑ ቤት መስኮት ላይ ነው። የጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ አለበት። ሙዚየም ቢጠይቀኝ አልሰጥም ያልኩት ነው። ሁለት ሙዚየም ጠይቆኛል!»

ወጣ። ኮሪደሩን በረዥም እርምጃ ሄደ፤ ወደ ማሽኑ ቤት ገባ፤ ጎሹ ዝም ብሏል፤ ከጠፋ ወር አልፎታል። ጠርሙሱን ከመስኮቱ አነሳ። ውኃው ጥሩ ነበር፤ ጠዋት ነው የቀየረው። በእጅጌው ወለወለው። ሲመለስ ስለ ሁለቱ ሙዚየሞች የሚጨምረውን እያሰበ ነበር። የጨቅላ ክፍሉ በር ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱን ሊያነሳ አለና፣ የእታለማሁን ድምፅ ሰማ። እታለማሁ ለእንግዳ ሳትጠየቅ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም።

«የኔ እመቤት፣ ይህን ስትጽፊው እንዳታሳፍሪው ብዬ ነው» አለች። «ልጅቱ ያን ዕለት ነው ያረፈችው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። እኔ ነኝ ዓይኗን የገጠምኩት።»

ብዕሩ ሲቆም ተሰማ።

«ቁጥሩስ?» አለች ወጣቷ። «መዝገቡ ላይ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ዘጠና ሦስት ይላል። ልብም ይመታል።»

«የሱ ጣት ነው። ሪባኗን ከእግሯ ፈትቶ የገዛ ጣቱ ላይ ጠቀለላት። 'እናቷ ዝናብ ላይ ቆማለች፤ ዜሮ አላሳያትም፤ ዝናቡ ይቁምና እነግራታለሁ' አለኝ። ዝናቡ ቆመ፤ አልነገራትም። በማግስቱም አልነገራትም። ቤቱ ሄዶ እስኪመለስ ደግሞ ሪባኗ እኔ ጣት ላይ ነበረች። በባዶ አልጋ ላይ ጠርሙሱን እያፈላ ተቀመጠ።»

«ልጅቷስ... ካፖርቱ?»

«ካፖርቱ እውነት ነው። ካፖርቱ ውስጥ ናት። ከዚህ መስኮት ማዶ ካለው ወይራ ሥር ሁለታችን ነን የቀበርናት፣ በማግስቱ፣ ማለዳ፣ ሪባኗ ጣቱ ላይ እንዳለች። የገደላት የኔ ስም ነው ይላል፤ የትልቅ ሰው አየር ሰጠኋት ይላል። እኔ አይመስለኝም። ትንሽ ነበረች።»

 ወጣቷ ቀስ ብላ፣ «እናቷስ መቼ ነው ያወቀችው?» አለች።

«በሁለተኛው ቀን። ሻይ ይዤላት ስወጣ ሰሌዳውን በጣቷ አሳየችኝ። 'የሕፃን ልብ እንዲህ አይረጋም፤ ሁለት ቀብሬ አውቀዋለሁ' አለችኝ። እንግዲያው ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኳት። 'እኔ ከሄድኩ እሱ ለማን ብሎ ይተነፍሳል?' አለች። ሲያሰናብቱት ነው የሄደችው። እዚያ በር ላይ ተያዩ፤ ምንም አልተባባሉም።»

መጋረጃው ሲዘረጋና ሲታጠፍ ተሰማ።

«ሲገባ ሃይላንዱን አድንቂለት» አለች እታለማሁ። «ውኃውን በየቀኑ ይቀይራል።»

ከበሩ ማዶ ባንተይርጋ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። በሩ አውራ ጣቱን ይጠብቃል።